አሮጌ መኪና ጎማው ሲጮኽ ምን ማለቱ ነው?



ዛሬ ልናገርበት ያሰብኩት አርእስት ከሩቅ አገር ወሬ ወይም ከታላላቅ የመንግሥት ጉዳይ የተወሰደ አይደለም። ብዙዎቻችን ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ቤት ስንመላለስ በየቀኑ ከምንሰማውና ሰምተንም እንዳልሰማን ሆነን ከምናልፈው ከአንድ ድምፅ የተነሣ ነው። ይኸውም በአሮጌ መኪና ጎማ ዙሪያ የሚሰማው እንግዳ ድምፅ ነው።

ይህን ድምፅ የሰማ ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። አንዳንዱ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይከፍትና ድምፁን ያፍነዋል። ሬዲዮ ማዳመጥ የሚያስመሰግን ልማድ ቢሆንም፣ ለዚህ ተግባር ሲውል ግን የሬዲዮ ሠራተኛ የሆንኩት እኔ እንኳ አልመክረውም። ሌላው ደግሞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሮጥና በግምት አንድ ዕቃ ይገዛል፤ ድምፁ ባይጠፋ ሁለተኛ ዕቃ ይገዛል፤ የወር ደመወዙም በዚሁ መንገድ ያልቃል። የመጀመሪያው ሰው ሕይወቱን፣ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡን በከንቱ ለአደጋ ያጋልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው መንገድ መጠየቅ ነው። ድምፅ እንደ ምስክር ነውና፣ በሥርዓት ከተጠየቀ እውነቱን ይናገራል። የዛሬው ንግግሬ ዋና አሳብም ይኸው ነው፤ መፍቻ ከማንሣት በፊት ጆሮን ማቅናት፣ ዕቃ ከመግዛትም በፊት ምርመራን መፈጸም ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩ የመካኒኮች ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ባለመኪና ጉዳይ ነው።

እኔ ይህን ነገር በሚገባ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ላይ፣ በላይ ጋይንት በንፋስ መውጫ ከተማ ነው። ለሥራ ጉዳይ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያችንን በመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ፒክአፕ ጭነን ከደብረ ታቦር ተነሣን። አሳባችን በዚያው ቀን ጨጨሆን አልፈን ጋሸና ለመድረስ ነበር። ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ይህ መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ውስጥ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ በአጠገቡ ስላለ፣ ዳገቱም ቁልቁለቱም ለሞተርና ለፍሬን ቀላል አይደለም።

ከደብረ ታቦር ሳንወጣ ገና ከፊት በኩል እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ጉምጉምታ ይሰማ ነበር። ሾፌራችን ያረጀ ጎማ ነው ብሎ የግራውን የፊት ጎማ በመጠባበቂያው ለወጠው። ድምፁ ግን አልተለወጠም። ጉናን ስንዞር ጉምጉምታው እየበረታ ሄደ። ንፋስ መውጫ ስንቃረብ እኔ በበኩሌ፣ «ስሙም ንፋስ መውጫ አይደለምን? የምንሰማው ነፋሱን ነው» ብዬ ፈረድኩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ ነፋሱ በእርግጥ ስሟን የሚያስመሰክር ነው። ነገር ግን መኪናው ሲቆም ነፋሱ እየነፈሰ ጉምጉምታው ጠፋ። በዚህ ጊዜ ፍርዴ ስሕተት መሆኑን አወቅሁና አፈርኩ።

በከተማው ውስጥ አንድ አነስተኛ ጋራዥ አገኘንና ጠጋ አልን። ባለሙያው ጸጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ አዛውንት ነበሩ። ሾፌራችን፣ «ጋሼ፣ ጎማው ይጮኻል፤ ፈተው ይዩልን» አላቸው። እርሳቸው ግን መፍቻቸውን አላነሡም። «ልጄ፣ ከመፍታቴ በፊት ልጠይቅህ» አሉና ሦስት ነገር ጠየቁት። ድምፁ የሚጨምረው በመኪናው ፍጥነት ነው ወይስ በሞተሩ? ፍሬን ስትይዝ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስታዞር በየትኛው ይብሳል? ሾፌራችን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። አዛውንቱም አጠገቡ ተቀምጠው ከከተማው ወጣ ብለው ተመለሱ። በተመለሱም ጊዜ፣ «ጉዳዩ ከግራው የፊት ኩሽኔታ ነው» አሉን። ገና አንዲት ዳዶ እንኳ አልተፈታችም ነበር።

እንዴት እንዳወቁ ለመረዳት፣ ኩሽኔታ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በጥንቱ ሠረገላ የመንኰራኵሩ እምብርት በዘንጉ ላይ እየተሻሸ ነበር የሚዞረው። መሻሸት ደግሞ ጉልበት ይበላል፤ ሙቀትም ይፈጥራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደ ነበር የሚነገርለትን፣ በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ ይህንኑ የጋይንትን ምድር አቋርጠዋል። መንገዱ እየተጠረገ፣ መንኰራኵሩም በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ጉዞው ወራት ፈጀ። ያ ሁሉ ድካም የዳገቱና የክብደቱ ብቻ አልነበረም፤ የመሻሸቱም ድርሻ ነበረበት።

የኩሽኔታ ጥበብ መሻሸትን በመንከባለል መለወጡ ነው። በውስጠኛውና በውጭኛው የብረት ቀለበት መካከል ድቡልቡል ወይም በርሜል መሰል ትንንሽ ብረቶች ይሰደራሉ፤ ጎማው ሲዞር እነርሱ ይንከባለላሉ። ለሠረገላ ዘንግ የሚሆን ባለ ድቡልቡል ኩሽኔታ በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1794 የፈጠራ መብት ተሰጥቶት ነበር። በ1898 ደግሞ በአሜሪካ ሄንሪ ቲምከን የተባለ ሠረገላ ሠሪ በአንድ ወገን ቀጠን ያሉ ብረቶች ያሉበትን ዐይነት አስመዘገበ። ይህ ዐይነት ከላይ የሚጫነውን ክብደትና ከጎን የሚመጣውን ግፊት አንድ ላይ ስለሚችል፣ በብዙ አሮጌ ፒክአፖችና የጭነት መኪናዎች ጎማ ውስጥ የሚገኘው እርሱ ነው።

የዚህች ትንሽ ዕቃ ሥራ ቀላል እንዳይመስለን። የአንድ መካከለኛ ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ጎማው በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ 50,000 ጊዜ ይዞራል። ይህን ሁሉ ዙር የሚሸከሙት ብረቶች ልስልስ ሆነው የሚኖሩት ግራሶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ውሃ ከገባ ዝገት ይመጣል፤ አቧራ ከገባ ብረቱ ይፋቃል፤ ግራሶው በሙቀት ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ ጉምጉምታው ይጀምራል።

እንግዲህ ድምፆችን እንለያቸው።

አንደኛው ጉምጉምታ ነው። በፍጥነት ልክ የሚጨምር፣ ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የማይቋረጥ ከሆነ፣ ኩሽኔታ ወይም ወጣ ገባ ሆኖ ያለቀ ጎማ መሆኑ ይገመታል። ሁለቱን ለመለየት መንገዱን ማስተዋል ይጠቅማል። የጎማ ድምፅ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ወይም ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ሲገባ ይለወጣል፤ ጎማዎቹ ከፊት ወደ ኋላ ቢቀያየሩም ድምፁ አብሮ ይሄዳል። የኩሽኔታ ድምፅ ግን ጎማው ቢለወጥም ከቦታው አይነቃነቅም። የእኛም ሾፌር ጎማውን ለውጦ ድምፁ አለመለወጡን ባየ ጊዜ፣ ሳያውቀው ግማሹን ምርመራ ፈጽሞ ነበር።

ኩሽኔታ ከሆነ በየትኛው ወገን እንዳለ መሪው ይነግረናል። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍም ወደ ቀኝ። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ የሚብሰው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የግራው ጎማ ነው። አዛውንቱ ከከተማው ወጣ ብለው የተመለሱት ይህን ለመስማት ነበር። ይህ ምልክት ሁልጊዜ አይሠራምና፣ በሚቀጥለው የእጅ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ፍሬን ሲያዝ የሚመጣ ወይም የሚለወጥ ድምፅ ነው። ቀጭን ጩኸት ከሆነ የፍሬን ሸራው ማለቁን ያመለክታል። ብረት በብረት ላይ እንደሚፋቅ ያለ ከሆነ ግን ሸራው ጨርሶ አልቋል ማለት ነውና፣ ወደ ቁልቁለት መግባት አይገባም። በጠጠር መንገድ ከተሄደ በኋላ በድንገት የሚጀምር የመፋቅ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መካከል ከገባች ጠጠር የሚመጣ ነው፤ ጠጠሯ ስትወጣ ድምፁም ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ለአንዲት ጠጠር ሲል ሙሉ የፍሬን ዕቃ ይገዛል።

ሦስተኛው በቀስታ ሲነዱ ቀጭ ቀጭ ወይም ኳ ኳ የሚል ድምፅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የጎማው ዳዶዎች መጥበቃቸውን መመልከት ይገባል። ይህን ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ችላ ቢባል ግን ጎማውን ያስወልቃል። በፊት ጎማቸው በሚጎተቱ አውቶሞቢሎች መሪው እስከ ዳር ተጠምዝዞ ሲነዳ ብቻ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ፣ ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው የዘንግ መጋጠሚያ አርጅቷል፤ የሚሸፍነው ላስቲክም ተቀዶ ይሆናል። ጉድጓድ ሲገኝ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ አሞርዛተሩንና ቴስቲናዎቹን መመርመር ነው።

ከጆሮ ቀጥሎ የእጅ ምርመራ ይመጣል። መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፎ፣ የሚመረመረውን ጎማ በክሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል ጠንካራ ድጋፍ ሳይደረግ ከመኪናው ሥር መግባት ከቶ አይገባም። ከዚያ በኋላ ጎማውን አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች አድርጎ መነቅነቅ ነው። ከተነቃነቀ ሁለተኛ ሰው የእግር ፍሬኑን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ የሚቆም ከሆነ የላላው ኩሽኔታው ነው፤ ካልቆመ ግን የጎማው መጋጠሚያዎች ናቸው። በቀኝና በግራ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ የሚላላ ከሆነ ደግሞ የመሪው ቴስቲና ይጠረጠራል። በመጨረሻ ፍሬኑን ለቆ ጎማውን በእጅ ማዞር፣ በሌላውም እጅ ከጎማው በስተ ኋላ ያለውን ሞላ ቀስ ብሎ መንካት ነው። የተጎዳ ኩሽኔታ አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ ሲርገበገብ በሞላው በኩል እጅ ይሰማዋል።

በንፋስ መውጫ አዛውንቱ ይህን ሁሉ በተራ ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ ብቻ ጎማውን ፈቱ። ኩሽኔታው ሲወጣ ውስጡ ደርቆ፣ ብረቶቹ በሙቀት ሰማያዊ ቀለም ይዘው፣ ቀለበቱም እንደ ፈንጣጣ ፊት ጎድጉዶ ነበር። አዛውንቱ በእጃቸው አገላብጠው አዩትና፣ «ጨጨሆ ላይ ጎማችሁ ቀድሟችሁ ይወርድ ነበር» አሉን። ማንም አልሳቀም። እኔም ነፋሱን በመክሰሴ ሦስት ሰዎችን ምን ላደርስባቸው እንደ ነበር አሰብኩ። የብልሽቱ መነሻም ተገኘ። ከጥቂት ወራት በፊት ፍሬኑ በሌላ ስፍራ ሲታደስ፣ አሮጌው ግራሶ ሳይታጠብ አዲስ በላዩ ተቀብቶ፣ ዳዶውም ከልክ በላይ ተጠብቆ ታስሮ ነበር። ብዙ ሰው ሲጠብቅ የሚጠነክር ይመስለዋል፤ ኩሽኔታ ግን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይቃጠላል፤ ከልክ በላይ ሲላላም ይሰበራል።

አዲሱ ኩሽኔታ በማግስቱ በአውቶቡስ ከደብረ ታቦር ተላከልን። የሥራውንም ቅደም ተከተል አጠገባቸው ቆሜ ተመለከትኩ። በመጀመሪያ እምብርቱና ዘንጉ በነጭ ጋዝ ታጥበው በንጹሕ ጨርቅ ደረቁ። ውስጠኛው ክፍል ብቻ ሳይሆን በእምብርቱ ውስጥ የተሰካው ውጭኛ ቀለበት ጭምር ተለወጠ፤ አዲስ ብረት በጎደጎደ ቀለበት ላይ ቢንከባለል ዕድሜው አጭር ነውና። ቀጥሎ ለጎማ ኩሽኔታ የተዘጋጀው፣ ሙቀት የሚችለው ግራሶ በእጅ መዳፍ እየተጫነ በብረቶቹ መካከል ሁሉ እንዲገባ ተደረገ። ግራሶ መያዣው ላስቲክም አዲስ ሆነ። ግራሶ ወደ ፍሬን ሸራ እንዳይደርስ ተጠነቀቁ፤ ሸራ ግራሶ ከነካው መያዙን ይተዋልና። በመጨረሻ ጎማውን በእጃቸው እያዞሩ ዳዶውን ጠበቅ አደረጉት፤ መልሰው አላሉት፤ እንደ ገናም መነቃነቁ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ በቀስታ አሰሩትና መቆለፊያውን አጠፉበት። ጎማው በእጅ ሲገፋ ያለ ድምፅ ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባኛል። ይህ አሠራር ተፈትቶ ለሚታጠበውና ግራሶ ለሚለወጥለት ዐይነት ነው። በብዙ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ያለው ኩሽኔታ ግን ተዘግቶ የተሠራ ስለ ሆነ አይታጠብም፤ ሲበላሽ በሙሉው ይለወጣል። የሚገባውም በመጫኛ መሣሪያ እንጂ በመዶሻ አይደለም፤ መዶሻ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ያጎድጉደዋል። የማጥበቂያው ልክም በየመኪናው ይለያያልና የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከእናንተ የሚጠበቀው መካኒክ መሆን አይደለም። መካኒኩ የሚሠራውን አውቆ መጠየቅ ነው። «ኩሽኔታው ከነቀለበቱ ተለወጠ ወይ? ግራሶ መያዣው አዲስ ነው ወይ? አሮጌውን ዕቃ ያሳዩኝ» ብሎ በትሕትና የሚጠይቅ ባለመኪና ሥራው በጥንቃቄ ይሠራለታል።

ከጥገና በኋላ ያለውም ጥንቃቄ ቀላል ነው። የጎማው ዳዶዎች በዙሪያ ሳይሆን በተቃራኒ እየተዘለለ ይታሰሩ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደም በኋላ እንደ ገና ይጠበቁ። ቁልቁለት ላይ ዝቅ ባለ ማርሽ መውረድ እንጂ ፍሬን ረግጦ መቆየት አይገባም፤ የፍሬኑ ሙቀት ግራሶውን ያቀልጠዋልና። ውሃ ከተሻገሩም በኋላ የሚፈታውን ኩሽኔታ ማስመርመር ብልህነት ነው። ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲያርፉ ደግሞ የአራቱን ጎማ እምብርት በእጅ ጀርባ ጠጋ ብሎ ማመዛዘን ይጠቅማል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይ ኩሽኔታው ታሟል ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው።

እኛም በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነሥተን ጨጨሆን በሰላም አለፍን። ሬዲዮኑ ተዘግቶ ነበር፤ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ በዚህ ጊዜ ግን በእርግጥ ነፋስ ነበር።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ነገ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሬዲዮናችሁን ዝጉና መኪናችሁን አዳምጡ። እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ መቼ እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚብስ፣ በምንም እንደሚጠፋ በወረቀት ላይ ጻፉና ለመካኒካችሁ ስጡት። ያቺ ወረቀት ከብዙ መለዋወጫ ትበልጣለች። ካዳመጣችሁ በኋላ ግን ሬዲዮናችሁን መልሳችሁ መክፈትን እንዳትረሱ አደራ እላለሁ።